ሻይ ሲቀርብላችሁ ስንት ጊዜ ነው ‹አይ› የምትሉት?

ሰላም ለሁላችሁ። በርሊን ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ጀርመናዊት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጋበዘችኝ። ወሩ ጥር ነው፤ ውጭው በረዶ ነው። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችኝ። አፌ እንደለመደው አይ፣ ግድ የለም፣ አትቸገሪ አልኳት። እሺ ብላ ለራሷ ብቻ ቀድታ መጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናወራ እሷ ጠጣች፣ እኔ እንፋሎቱን እያየሁ አመሸሁ። ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚባለው በእኔ ደረሰ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። አይ አልኳት፣ አመነችኝ።

ሌላው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ቱርካዊት እናት ይኖራሉ፤ ሰባን አልፈዋል። አንድ ቅዳሜ የአስቤዛ ዘንቢላቸውን ደረጃ ላይ ተቀብዬ አደረስኩላቸው። እጄን ይዘው አስገቡኝ። ወገቧ ቀጠን ያለች ትንሽ ብርጭቆ ቀረበችልኝ። እኛ ቤት የቀረበልህን አጋምሰህ መተው ነውር ነው፤ ጨረስኩ። ብርጭቆዋን ሳላስቀምጥ ሞሉልኝ። ጨረስኩ። ሞሉ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በቃኝ ብልም ፈገግ ብለው ይቀዳሉ። ስምንተኛው ላይ ልቤ ይመታ ጀመር። የልጅ ልጃቸው ከኳስ ሜዳ ሲመለስ አየኝና ምንም ሳይናገር ማንኪያዬን አንስቶ የብርጭቆዋ አፍ ላይ አግድም አጋደማት። እሳቸውም አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማንቆርቆሪያው ወደ ምድጃው ተመለሰ።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር ሻይ ሲቀርብ ስንት ጊዜ ነው አይ የሚባለው? በቃኝ ለማለትስ ምን ይደረጋል? እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ቤት ገብተህ ‹አይ› የምትለው ቃል እዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እስክታውቅ ድረስ ያንን አገር ገና አላወቅኸውም።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በተራ በተራ ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 የጻፈው ኢስታንቡል የሚማር ልጅ ነው። የማንኪያውን ነገር አረጋገጠልኝ። ማንኪያ አፉ ላይ ካልተጋደመ ባዶ ብርጭቆ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነው አለ። ማንቆርቆሪያቸው ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከታች ውሃ ይፈላል፣ ከላይ ወፍራሙ ሻይ ይበስላል። ስለዚህ የሚቀዳልህ ሰው ፈዘዝ ይበልልህ ወይስ ወፈር ብሎ ይጠይቅሃል። ቀለሙ የተዋጣለት ሻይ የጥንቸል ደም ይባላል። እኔን የገረመኝ ቱርኮች እንደኛ የቡና ሰዎች የነበሩ መሆናቸው ነው። የኦቶማን መንግሥት ፈርሶ የመን ከእጃቸው ስትወጣ ቡና ውድ የውጭ ዕቃ ሆነባቸው። ሪፐብሊኩ ጥቁር ባሕር ዳር ሪዜ በሚባለው ዝናባማ አገር ሻይ አስተከለ። ዛሬ በነፍስ ወከፍ እንደነሱ ሻይ የሚጠጣ አገር አይገኝም ማለት ይቻላል። ልጁ ሲጨርስ ስምንት ብርጭቆ ብዙ አይደለም ብሏል። ለእሱ አይደለም ይሆናል።

ቁጥር 2 ኤምደን የምትሠራ ነርስ ናት። ኤምደን እዚሁ ጀርመን፣ ሰሜን ባሕር ዳር ኦስትፍሪስላንድ የሚባለው አገር ውስጥ ናት። የእኔን የበርሊን ታሪክ አንብባ ጀርመን ሁሉ አንድ አይደለም ብላ ጀመረች። እዚያ ሰው በዓመት 300 ሊትር ገደማ ሻይ ይጠጣል። በ2016 የሻይ ሥርዓታቸው በጀርመን የባህል ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የምትሠራው አረጋውያን ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ሻይ ጋበዟት። ስኒው ውስጥ መጀመሪያ ‹ክሉንትየ› የሚሉት ድንጋይ የሚያህል ስኳር ይገባል። ትኩሱ ሻይ ሲወርድበት ስኳሩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይሰነጠቃል፤ ዝም ብለው ያዳምጡታል። ከዚያ በትንሽ ጭልፋ ክሬም በስኒው ዳር ዳር ይለቀቃል፤ ወደ ታች ሰምጦ እንደ ደመና ተመልሶ ይወጣል። እሷ ማንኪያ አንስታ አማሰለችው። አሮጊቷ ክው አሉ። ለካ አይማሰልም። መጀመሪያ ክሬሙ፣ ከዚያ መራራው፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ ነው የሚጠጣው። ለመሆኑ ማንኪያው ለምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ መልሱ የእኔው ጥያቄ መልስ ሆነ፤ ማንኪያው ስኒው ውስጥ ከገባ በቃኝ ማለት ነው። ያውም ሦስት ስኒ ሳይጠጡ አይገባም። ሦስት የኦስትፍሪስላንድ ሰው መብት ነው ይላሉ። ያን ቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትዝ ብሏት ዕንባዋ መጣ። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሄዳ፣ ሳትጨርሺ አትነሺም የሚል ቤት አገኘች።

ቁጥር 3 ሦስት ስኒ ሻይ ከጠጡ በኋላ እንቅልፍ እንዴት ይመጣል ብሎ ብቻ ጠይቆ ሄደ።

ቁጥር 4 ላይ ነው ወሬው የጎመዘዘው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው፤ የቡና አገር ልጆች ተሰብስባችሁ ስለ ሰው ሻይ ታወራላችሁ ብሎ ተቆጣ። ሻይ ለእሱ የፈላ ውሃ ነው። እንግዳ በሻይ አይከበርም፣ ሻይ ቤት ተገብቶ ተጠጥቶ የሚወጣበት ነገር ነው አለ። ቃሉ ሻካራ ነው፤ ቁጭቱ ግን እውነት አለው። ቡና ሲባል ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ቁርሱ፣ ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል። ለሻይ ያንን አልሠራንለትም።

ቁጥር 5 ቦንጋ አካባቢ ያደገ ልጅ በጨዋ ቋንቋ መለሰለት። ውሽውሽን አይተህ ታውቃለህ ወይ ነው የሚለው። ከዚያ ከቡና ጫካው ሥር፣ ኮረብታው ሁሉ ምንጣፍ የመሰለ የሻይ እርሻ ነው። ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ጉማሮም አለ። እናቱ ሌሊት ተነስታ ቀረፋና ቅርንፉድ አድርጋ በፔርሙዝ የምትሞላው ሻይ ነበር፤ ቅጠል ሊለቅሙ የሚሄዱት ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው በዳቦ ይጠጡታል። ገንዘብ አትቀበልም ነበር። ይሄ እንግዳ ማክበር ካልሆነ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 እስካሁን አልመለሰም።

ቁጥር 6 የድሬዳዋ ልጅ ናት። ሁለታችሁም ቁጢን ረሳችሁት ብላ ገባች። ቁጢ የደረቀ የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ እንደየቤቱ ወተት ወይ ጨው ገብቶበት የሚጠጣ ነው። ሻይ ነው ወይስ ቡና? ቅጠሉ የቡና ነው፣ አፈላሉ የሻይ ነው። ሐረር አያቷ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነበር። አይ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስኒው እጅህ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው የምትጠየቀው። ይህቺን መልስ ሦስቴ አነበብኳት።

ቁጥር 7 አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ተምረዋል። ስለ ሳሞቫር፣ ሩሲያውያን የሻይ ውሃ ስለሚያፈሉበት ትልቅ የብረት ዕቃ፣ ጻፉ። ቱላ የሚባለው ከተማ በሳሞቫር የታወቀ ነው አሉ። እንደ ቱርኮቹ ሩሲያውያንም ወፍራሙን ሻይ በትንሽ ጀበና ለብቻው ያደርጉና በፈላ ውሃ ያቀጥኑታል። ጎኑ በትንሽ ሰሃን የፍራፍሬ ማርማላታ ይቀመጣል። ድሮ ነጋዴዎቹ በቃኝ ለማለት ስኒውን ይደፉት ነበር፤ እሳቸው ሲደርሱ ግን ያ ቀርቶ መጽሐፍ ውስጥ ነው የቀረው። የማይረሱት የባቡሩን ሻይ ነው። ብርጭቆው የብረት እጀታ ውስጥ ተቀምጦ፣ ባቡሩ ሲወዛወዝ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር እየተጋጨ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ። በክረምት ዕረፍት አንዲት ገበሬ ሴት ከፊታቸው ተቀምጣ ነበር፤ ስለ አገራቸው ጠይቃቸው ስታበቃ ማርማላታዋን ከነማሰሮው ገፋ አደረገችላቸው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም ብለው ነው የጨረሱት።

ቁጥር 8 ሻርጃ የሚሠራ የሒሳብ ሰው ነው። እዚያ ቀድሞ የሚቀርበው ገሃዋ ነው፤ ሄል የበዛበት ፈዛዛ ቡና። ሻዩ ከኋላ ይከተላል። የሚቀዳው ሰው ማንቆርቆሪያውን በግራው ይይዛል፣ ፍንጃሉን በቀኙ ይሰጣል። የሚቀዳልህ ጉሮሮ የማትሞላ ጠብታ ናት። እሱ መጀመሪያ ሲያይ ንፉግነት መስሎት አዘነ። እኛ ጋ ስኒ ጢም ብሎ ካልሞላ ይታዘቡናል። ኋላ እንደነገሩት ግን የሞላ ፍንጃል ጠጥተህ ሂድ ማለት ነው፤ ትንሽ ትንሽ የሚቀዳው ደጋግሞ ለመቅዳት ነው። በቃኝ ስትል ፍንጃሉን በጣትህ ይዘህ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ታደርጋለህ። ካልነቀነቅክ ይቀዳል። ከዚያ ወተት ገብቶበት ስለሚፈላው ካራክ ሻይ ጻፈ። መኪናህን አቁመህ ጥሩንባ ነፍተህ፣ አንድ ልጅ በሙቀቱ ውስጥ ሮጦ በወረቀት ኩባያ ያመጣልሃል። ይሄም ደስ ይላል አለ።

ቁጥር 9ን እስካሁን አልረሳኋትም። ባሕረ ሰላጤው አገር ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ የነበረች እህታችን ናት። ቁጥር 8 ስለ መቀበል ያወራል፣ እኔ ስለ ማቅረብ ላውራ አለች። ሐሙስ ማታ የቤቱ ሰውዬ እንግዶች ይመጣሉ። ሄሉን የምትወቅጠው እሷ ናት። ትሪውን እስከ በሩ የምታደርሰው እሷ ናት፤ ከበሩ ወዲያ ወንዶቹ ልጆች ይቀበሏታል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ገንዳው ውስጥ ሃምሳ ፍንጃል ይጠብቃታል። አንዷ ከተሰበረች ከደመወዟ ይቆረጣል። ጥሩንባ ተነፍቶለት የሚሮጠውም ልጅ የሰው ልጅ ነው አለች። አንዱ አገር ሦስት ስኒ፣ አንዱ አገር ሁለት ስኒ እያላችሁ ስትቆጥሩ ማን እንዳጠበው ቁጠሩ ብላ አቆመች።

ቁጥር 10 የሚጣፍጥ ወሬ ውስጥ ኀዘን ለምን ይገባል አላት። ቁጥር 11 ደግሞ እሱን ገሠጸው፤ እህቶቻችንን ሰው ቤት ልከን በገንዘባቸው ቤት እየሠራን፣ ሲናገሩ ዝም በሉ ማለት አይገባም አለ። ሁለቱ ትንሽ ተካረሩ። እኔም ገባሁ። ጥያቄዬን ስጽፍ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ የቆመችውን አላሰብኩም። ይሄን በግልጽ ጻፍኩላት። እኛ ቤትስ ቢሆን ቡናውን ሁሌ የምታፈላው ማን ናት? እህቴ ናት። እኔ ተነስቼ ስኒ አጥቤ አላውቅም።

ቁጥር 12 ወሬውን ለማብረድ መሰለኝ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ወሰደን። ጓንዡ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ቻይና ሻይ ሲቀዳልህ ሁለት ጣትህን አጥፈህ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገህ ታንኳኳለህ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ንጉሥ ቺያንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲዞር ለአጃቢዎቹ ሻይ ቀዳላቸው፣ እነሱም መስገድ ስለማይችሉ በጣታቸው ሰገዱ የሚል ተረት አላቸው። የገረመው ግን እንደ ሻርጃው ሰውዬ የሞላ ስኒ እዚያም ስድብ መሆኑ ነው። ወይን ይሞላል፣ ሻይ አይሞላም። ነጋዴው ይሄን ሳያውቅ ደንበኛውን ለማክበር ብሎ ስኒውን እስከ አፉ ሞላለት፤ ሰውየው ጣቱ እንዳይቃጠል በሁለት እጁ እየተጠነቀቀ አነሳው። ቅር ሳይለው ቀርቶ አይደለም፣ ከጨዋነቱ ነው ይላል። በዚያው አያይዞ ስለ ስሙ ጻፈ። ሻይን በየብስ የወሰደ ሁሉ ‹ቻ› ወይ ‹ሻይ› ይላል፣ በመርከብ የወሰደ ሁሉ ‹ቴ› ይላል አለ።

ቁጥር 13 ሊዝበን ያለች ልጅ አረመችው። ፖርቱጋሎች በመርከብ ነው የሄዱት፤ ግን ‹ሻ› ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ደቡብ ቻይና ማካዎ ላይ ነበሩ፣ እዚያ ሰዉ ‹ቻ› ይላል። ‹ቴ› የመጣው ከቻይና የፉጂያን ወደቦች ነው፤ ደቾች ገዝተው ለአውሮፓ ያሰራጩት እነሱ ናቸው። የእኛ ‹ሻይ› በዓረቦች በኩል መምጣቱ ከድምፁ ያስታውቃል። ነጋዴው ተቀበላት።

ቁጥር 14 ስቶክሆልም ያለ ሰው ነው፣ ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰን። ጎረቤቶቹ ኢራናውያን ናቸው። እነሱ መግደርደርን ‹ታአሮፍ› ይሉታል። አንዴ ታቀርባለህ፣ አይ ይላል። ደግመህ ታቀርባለህ፣ አይ ይላል። ሦስተኛው ላይ ነው እውነቱ የሚታወቀው። ሻዩን ሲጠጡ ስኳሩን ብርጭቆ ውስጥ አይከቱትም፣ ኩቡን ጥርሳቸው መሃል ይይዙና ሻዩን በላዩ ያሳልፉታል። የጎረቤቱ ሚስት በመጀመሪያው ቀን ሦስቴ አቀረበችለት፣ እሱም ሦስቴ አይ አለ፤ እሱ ደግሞ አገር ቤት እንደለመደው ‹በሞቴ› እስኪባል ይጠብቃል። እሷ ሦስት ላይ አቆመች፣ እሱ አራተኛውን ጠበቀ። ሁለት ለይሉኝታ የሚያድሩ ሕዝቦች በአንድ ቁጥር ተላለፉ።

የእኛ ልዩነት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ማንኪያ የለንም፣ ፍንጃል አንነቀንቅም፣ ጣት አናንኳኳም። የእኛ ነገር በአፍ ነው። ‹አፈር ስሆን›፣ ‹በሞቴ›፣ ‹እኔን ካልክ›። አቅራቢው በራሱ ሞት ሲምል ነው እንግዳው እጁን የሚዘረጋው። እናቴ አንድን እንግዳ ‹በሞቴ› ሳትል እንዲሁ እሺ ካላት ረኀብተኛ ነው ብላ ምሳ ታክልበት ነበር።

ቁጥር 15 ላይ ቁጥር 9 ተመልሳ መጣች። የጻፈችው ለስለስ ያለ ነው። እንደ ተናደደችብን እንዳናስብ ብላ ጀመረች። ትኩሳት ይዟት የተኛችበት አንድ የረመዳን ሌሊት ነበር። የቤቱ ሽማግሌ እናት፣ በበትር የሚሄዱት፣ ደረጃውን ወርደው ትንሿ ክፍሏ ድረስ መጡ። በእጃቸው ዝንጅብል የገባበት ሻይ ይዘዋል። ግማሹ ሰሃኑ ላይ ፈስሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው ጠጪ አሏት። በቃኝ ለማለት ብርጭቆውን ነቀነቀች፤ እሳቸው ሳቁና ይሄ የእንግዳ ነው፣ አንቺ ልጄ ነሽ፣ ጨርሺው አሏት። ሴትየዋ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ ትንሽ ሻይ ቤት አላት፤ ዝንጅብል የገባበት ሻይ በእሳቸው አፈላል ነው የምታፈላው። ፍንጃሎቹን የሚያጥብላት ልጅ ቀጥራለች፤ የተሰበረ አይቆረጥበትም።

ከዚህ በኋላ ቁጥር 10 ይቅርታ ጠይቋል። ቁጥር 16 ደግሞ ወሬውን ሁሉ ትቶ የስኳር ዋጋ የት እንደደረሰ ጠየቀና ሦስት አራት ሰው እዚያ ላይ ተያያዘ። ያንን አልዘረዝርም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። አገር ቤት የተላከልኝን ቀረፋና ሄል የገባበት የቅመም ሻይ በላስቲክ ቋጥሬ ወሰድኩላቸው። አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከላይኛው ማንቆርቆሪያ ከራሳቸው ቅጠል ጋር ቀላቀሉት። ሦስት ጠጣሁ። ከዚያ ማንኪያዬን እንደተማርኩት የብርጭቆዋ አፍ ላይ አጋደምኩ። ማንኪያዋን አዩዋት። በሁለት ጣታቸው አነሱና ሰሃኑ ላይ አስቀመጧት፤ አራተኛውን ቀዱልኝ።

ይሄን ስጽፍ የኢስታንቡሉ ልጅ ቁጥር 17 ብሎ መለሰ። አከራዩም እንዲሁ ያደርጉታል። ያቺ አንዷ አትቆጠርም፣ ትጠጣለች ይላል።